ቀብር ያላዩ ዛጎሎች

ጊርፓል መንደር፣ በናንዶም አጠገብ፣ ጋና
ጃንዋሪ 12 ቀን 1987

ለወንድሜ ልጅ ለፖሊካርፕ ዚየም፤

ከባሕር ማዶ ያለኸው ልጄ፣ እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ። የአባቶቻችን በረከት ዛንዚባር ድረስ ይከተልህ፤ መንገዱ ከጠፋባቸውም ሰው ጠይቀው ይድረሱብህ። እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልህ፣ ሚስቴን፣ አክስትህን፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ከበረሃው የሚመጣው ነፋስ የሁላችንንም ከንፈር ሰንጥቋል፣ የአባትህ ቤት ጣሪያ በስተምሥራቅ በኩል ተከፍቷል። የቀረው ደኅና ነው።

በላውራ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ስኖር አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ሰው ዋናውን ክስ መጀመሪያ ላይ አያወጣውም። ስለ ፍየል ይጀምርና ስለ ሚስቱ ይጨርሳል። እኔም ይኸው ስለ ጣሪያው ጀመርኩ።

ዋናው ነገር ልጅህ ፔርፔቱዋ ናት። በሴፕቴምበር ትምህርት ቤት ትገባለች። አማትህ ኩፖል እጇን ይዞ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄደና፣ "የአባት ስም ኩፖል ብለህ ጻፍ" አለው። ርዕሰ መምህሩ ሊነስ የዋህ ሰው ነው፤ "አባቷ ፖሊካርፕ አይደለም እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ኩፖልም፣ "ፖሊካርፕ ማነው? ዛጎሉን ግቢዬ ውስጥ አላየሁትም። ዛጎሉ ያልመጣ ሰው አልመጣም" ብሎ መለሰ። ከዚያ ወጥቶ ጠላ ቤት ገባና ያንኑ ደገመው፤ ስለዚህ ያልሰማ የለም።

በደንባችን መሠረት እውነቱን ነው። ቤተ ክርስቲያን ተጋብታችኋል፤ ቄሱ መርቀዋችኋል፤ ፎቶግራፉም እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ግን ለሚስት የጥሎሹ ዛጎል ካልተቆጠረላት የምትወልደው ልጅ የባሏ ሳይሆን የገዛ አባቷ ቤት ልጅ ነው። ይህን ላንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከመሄድህ በፊት ሚስትህ ስኮላስቲካ ራሷ "እባክህ ይህን ነገር ጨርሰው" ስትልህ፣ "የሳይንስ መምህር ነኝ፤ በቀንድ አውጣ ቅርፊት ሚስት አላገባም" ያልካትን ኩፖል ቃል በቃል ይዞታል። ሰው ባለፈ ቁጥር ይደግመዋል። በእንግሊዝኛ ተናግረኸው ቢሆን ኖሮ አለስልሼ እተረጉምለት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ በገዛ ቋንቋችን ነው ያልከው።

በዛጎሉ ፈንታ የመንግሥቱን ገንዘብ፣ ሲዲ፣ ልስጥህ ብለው አልቀበልም አለ። "መንግሥት የሃምሳ ሲዲ ኖቴን በአንድ ማለዳ ተራ ወረቀት ሲያደርገው ዛጎሌን የነካው አለ?" አለኝ። የእኔም ኖቶች እስከ ዛሬ ሣጥን ውስጥ ናቸው።

ችግሩ ዛጎል ራሱ ጠፍቷል። ከዋጋዱጉ የሚመጡ ነጋዴዎች ለፈረንጅ የአንገት ጌጥ እያሉ በጆንያ ገዝተው ወሰዱት። የተረፈው ያለውም ሰው ለወንድ ልጁ ብሎ መሬት ቀብሮታል፤ ቦታውን ለሚስቱም አይናገር። ስለዚህ ምን እንደምናደርግ አስብበት። ጣሪያውንም አስብበት።

ትንሹ አባትህ፣
ግሪጎሪ ቤኩዎኔ


ምቻንጋኒ፣ ዛንዚባር
ማርች 9 ቀን 1987

ለትንሹ አባቴ ለግሪጎሪ ቤኩዎኔ፤

ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የአክስቴን ጉልበት ይማርልኝ፤ ነፋሱንም ወደ መጣበት ይመልሰው። እኔ ደኅና ነኝ። ተማሪዎቼ ብዙ ናቸው፣ ጠመኔ ግን የለም።

ለጣሪያው የሚሆን ትንሽ ገንዘብ አክራ ላለው ጓደኛዬ ልኬያለሁ፤ በባንክ ያደርስልዎታል።

ስለ ኩፖል ያሉትን አነበብኩ። ለልጄ ስም የሚያወጣው እሱ ነው ማለት ነው? የጋብቻ ወረቀት አለኝ እኮ። ያ ወረቀት አክራ ላይ የትም ቢቀርብ ይሠራል። ጊርፓል ላይ ግን እንደማይሠራ ገብቶኛል፤ ፔርፔቱዋ ያለችው ደግሞ ጊርፓል ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አይሳቁብኝ። ዛጎሉ ያለው እዚህ ነው። እኔ ከምኖርበት ቤት እስከ ባሕሩ ድንጋይ ቢወረውሩ ይደርሳል። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሴቶች ቅርጫት ይዘው ድንጋዮቹ መሀል ይወርዳሉ፤ እኔም ባለፈው እሑድ ተከትያቸው ወረድኩ። አንድ ድንጋይ ገለበጥኩ፤ ከሥሩ ጥቁር ነገር ተለጥፎ አየሁ፤ ዛጎል አልመሰለኝም ነበር። በጣቴ ስነካው ያ ጥቁር ሥጋ ከግራም ከቀኝም እየተሰበሰበ ወደ ሆዱ ገባና ያ የምናውቀው ዛጎል ብቅ አለ፤ ቢጫ፣ አሁን በዘይት የታሸ የሚመስል። ለካ በሕይወት ሳለች ሥጋዋን አውጥታ እንደ መጎናጸፊያ ጀርባዋ ላይ ትደርባለች። ቅርፊቷ የሚያበራው ቀኑን ሙሉ ራሷን ስለምትወለውል ነው። ሁለት ቀንድ አላት፤ በቀንዶቿ ግርጌ ዓይን አላት። በጣም በዝግታ ትሄዳለች፤ ግን ትሄዳለች።

ይህንን ሁሉ ዓመት ስንቆጥራት ኖረን እንስሳ መሆኗን ማን ነግሮን ያውቃል?

እንግዲህ ኩፖል ዛጎል ከፈለገ ዛጎል ያገኛል። በደንቡ መሠረት የሚበቃውን ያህል ለቅሜ እልካለሁ። ስለዚች እንስሳ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ነገር ካለ ይጻፉልኝ፤ ተማሪዎቼን አስተምርበታለሁ።

ልጅዎ፣
ፖሊካርፕ


ጊርፓል መንደር
ሜይ 20 ቀን 1987

ለልጄ ለፖሊካርፕ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። በውሃ ዳር የሚኖር ሰው ውሃ አይውሰደው፤ እኛ ደግሞ ዝናብ እየጠበቅን ነው፤ ከዚያ የተረፈህ ካለ ላክልን።

ገንዘቡ ደርሶናል። ጣሪያው ተከድኗል፤ ግማሹ። የቀረው ግማሽ አክስትህን ጉልበቷን አሳክመንበታል፤ እሷ ግን አሁንም ያመኛል ትላለች፣ ጣሪያውም አሁንም ያፈሳል። ሁለቱም የሐኪም ሥራ ነው እንግዲህ።

ደብዳቤህን ባኦባቡ ዛፍ ሥር ለተሰበሰቡት አነበብኩላቸው። የኩፖል ታናሽ ወንድም ጎንዛጋም ነበር፤ ጨዋታ የሚወድ ሰው መሆኑን ታውቃለህ። "ዓይን አላት" የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

"ምን አላት?"

"ዓይን።"

"ታያለች?"

"ታያለች ነው የሚለው።"

"ስለዚህ ሚስቴን ስቆጥርባቸው ሲያዩኝ ነበር ማለት ነው" አለና አንዱን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ፊቱ አስጠጋ። "ይሄው ዓይኑ የለም። የእኛዎቹ ዕውር ናቸው።"

"የእኛዎቹ ሞተዋል" አልኩት።

አክስትህ ከዚያ ማዶ ኦቾሎኒ ስትፈለፍል ቆይታ፣ "እንስሳ ከሆነች የማን ከብት ናት?" ብላ ጠየቀች። "ባለቤት የላትም፤ የባሕር ናት" ስላት ኦቾሎኒውን አስቀመጠችው። "ታዲያ የሌላ ሰው ከብት ቅርፊት ነው ለጥሎሼ ያመጣችሁልኝ?" አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ነገር አድርጋዋለች።

ስለ እንስሳዋ የጠየቅኸውን ጠየቅኳቸው። ማንም የሚያውቅ የለም። አያቶቻችን ከወንዝ ነው የመጣው ይሉ ነበር፤ የትኛው ወንዝ እንደሆነ ጠይቆ የተመለሰ ግን አልሰማሁም።

ሁለት ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። አንደኛ፣ በደብዳቤህ ስለ ቀንድ አውጣዋ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሃል፤ ስለ ስኮላስቲካ አንድ ቃል የለበትም። ይህን እንደ ነገር አትውሰደው፤ አስተርጓሚ የተባለውንም ያልተባለውንም ይቆጥራል፤ ልማድ ነው። ሁለተኛ፣ ከዋ ከተማ የመጣ የግብርና ሠራተኛ አለ፣ ሞተር ብስክሌት ያለው። ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ለመጠየቅ ኩፖል ግቢ ይቆማል። ገበያው ከቦታው አልተነሣም፤ ሰውየው ግን በየሳምንቱ ይጠይቃል።

ትንሹ አባትህ፣
ግሪጎሪ


ምቻንጋኒ
ጁን 28 ቀን 1987

ለትንሹ አባቴ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከቤትዎ ሁሉ ጋር ይሁን፤ ዝናቡም በልክ ይዝነብላችሁ። የምጽፈው በችኮላ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ዛጎሎቹን ሰብስቤያለሁ። ስድስት እሑድ ለቅሜ ሞልቶልኛል፤ በጆንያ ነው። ቤት ያከራዩኝ እመቤት ቢ ሃዲያ ዛጎል ከውሃ ሲወጣ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ጉንዳን ሥጋውን እስኪጨርሰው መቆየት አለበት ብለውኛል። እኔም አውቃለሁ። ግን አንድ ጋናዊ ባልደረባዬ ነገ ወደ አክራ ይበራል፤ ሌላ የሚሄድ ሰው መቼ እንደማገኝ አላውቅም፤ ሴፕቴምበር ደግሞ ቅርብ ነው። በጨው አሽቼ፣ ፀሐይ አስመትቼ ልኬዋለሁ። ከአክራ በጭነት መኪና ይደርስዎታል።

ወደ ኩፖል ግቢ የሚወስደው መንገድ ያን ያህል ያደናግራል እንዴ? እኔ ሳውቀው ቀጥ ያለ ነበር።

ልጅዎ፣
ፖሊካርፕ


ጊርፓል
ኦገስት 30 ቀን 1987

ለልጄ ለፖሊካርፕ፤

እግዚአብሔር ይስጥህ። ያለህን ስለላክህ እግዚአብሔር ይስጥህ እያልኩ የምጽፈው እጄን ለሦስተኛ ጊዜ ታጥቤ ነው።

ጆንያህ ደርሷል። ከመድረሱ በፊት ሽታው ደርሶ ነበር። "ጠላቴ ምን አለ?" የሚል የተጻፈበት ጭነት መኪና ናንዶም ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ወርዶ ነበር የጠበቀኝ። ሾፌሩ፣

"አባባ፣ አስከሬን ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው" አለኝ።

"ዛጎል ነው" አልኩት።

"ዛጎል አይሞትም።"

"ይሄኛው ሞቷል።"

"ታዲያ ሞቷል ካልክ ክፈላ!"

የአስከሬን ሒሳብ ከፈልኩ። ከናንዶም እስከ ቤት በአህያ ስመጣ የየመንደሩ ውሻ ተከትሎኝ መጣ፤ ሰዎችም ከየግቢው እየወጡ "ማን ሞተ?" ይሉ ነበር። "የፖሊካርፕ ዛጎሎች" ስላቸው "ነፍስ ይማር" ብለው ይመለሳሉ። አክስትህ በራፉ ላይ ቆማ፣ "ያ ነገር ከገባ እኔ እወጣለሁ" አለች። አርባ ዓመት አብረን ኖረን ምርጫ ስትሰጠኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ እኔም አሰብኩበት። በመጨረሻ ባኦባቡ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍሬ ቀበርኩት። የኛም ጉንዳን ጉንዳን ነው፤ ሥራውን ሠርቷል። ሥጋው ሲያልቅ አውጥተን በአመድ አጥበን ስናያቸው፣ ልጄ፣ ያምራሉ። መዋሸት አልችልም። እንደ ሕፃን ጥርስ ናቸው።

ከሁለት ሽማግሌ ጋር ሆኜ ወደ ኩፖል ይዤ ሄድኩ። መሬት ላይ አፈሰስናቸው። አንዱን አነሣና ጭኑ ላይ አሸው፤ አገላብጦ አየው፤ መልሶ ጣለው።

"የማን ናቸው?"

"የፖሊካርፕ ናቸው፤ ለስኮላስቲካ።"

"እሱን አይደለም የምጠይቅህ። ከማን እጅ ነው የመጡት? የማንን ሠርግ አይተዋል? የማን ቀብር ላይ ተወርውረዋል?"

"ከባሕር ነው የመጡት። ልጁ በገዛ እጁ ነው ያነሣቸው።"

"እንግዲያው ጠጠር ናቸው። ይሄ" አለና ከራሱ ከረጢት አሮጌ ዛጎል አወጣ፣ ጀርባው ተበልቶ የነጣ፣ "ይሄ እናቴ የተቆጠረበት ነው። እህቴ የተቆጠረበት ነው። አባቴ ሲቀበር ለባላፎን መቺዎቹ ወርውሬው፣ ከነሱ ገበያ ወጥቶ፣ በሁለት ዓመቱ በእህል ነጋዴ እጅ ተመልሶ መጥቷል፤ አውቄዋለሁ። ልጄን በማንም በማያውቀው ጠጠር አልድርም።"

"ከተዳረች እኮ ስምንት ዓመት ሆናት" አልኩት።

"የዳሯት ቄሱ ናቸው። ጠጠሩን ለቄሱ ስጧቸው።"

ሽማግሌዎቹ ሣቁ፤ እኔም ትንሽ ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ጥሩ ተናግሯል። ሰብስበን ተመለስን።

ስኮላስቲካ ውሃ ሰጥታን ነበር። የሺያ ፍሬ ቅባቷን ገበያ ልትወስድ እየሰፈረች፣ ስወጣ ብቻ፣ "ደብዳቤው ላይ የተጻፈ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስለ ቀንድ አውጣዋ ብዙ ጽፏል" አልኳት። ሣቀች። የሣቋን ዓይነት አልተረጉምልህም።

ሊነስ የአባት ስም የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ ትቶታል። ከገና በኋላ ግን ተቆጣጣሪ ስለሚመጣ ኩፖል ያለውን እጽፋለሁ ብሎኛል። ልጄ፣ ነገሩን ራስህ መጥተህ ብትይዘው ይሻላል። ይህን የምልህ ያረጀ ሰው ስለሆንኩና ጆንያ መሸከም ስለሰለቸኝ ነው ብለህ አስብ።

ግሪጎሪ


ምቻንጋኒ
ኖቬምበር 15 ቀን 1987

ለትንሹ አባቴ፤

እግዚአብሔር ጤና ይስጥዎት። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍ የቆየሁት መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው።

ዛጎል ኖራ ነው። የእኔም ኖራ ነው፣ የኩፖል እናት የተቆጠረችበትም ኖራ ነው። አሮጌው በሰው እጅ አልቆ ነጥቷል፤ አዲሱ አላለቀም። ልዩነቱ ይኸው ነው። ስድስት እሑድ ሙሉ እግሬ በድንጋይ እየተቆረጠ የለቀምኩትን ጠጠር አለው። ይሁን። ከዚህ በኋላ አልክም። ያሉትን ባኦባቡ ሥር መልሰው ይቅበሯቸው፤ ወይም አክስቴ ፈጭታ ለዶሮዎቿ ትስጣቸው።

መምጣቱን በተመለከተ፣ ኮንትራቴን አድሼያለሁ፤ የሚያልቀው በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ነው። መጥቼስ ምን ልሁን? ባዶ እጄን ኩፖል ግቢ ገብቼ "ፖሊካርፕ ማነው?" ሊለኝ?

ለስኮላስቲካ

(ይህን መስመር ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ አይጨነቁበት።)

ለገና የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬያለሁ። ጣሪያው ላይ ይዋል።

ፖሊካርፕ


ጊርፓል
ጃንዋሪ 24 ቀን 1988

ለልጄ ለፖሊካርፕ ዚየም፤

አዲሱን ዓመት በሰላም ያስፈጽምህ፤ ከክፉ ወሬ ይሰውርህ። የምጽፍልህ ወሬ ግን ክፉ ነው ወይስ ደግ፣ እስከ መጨረሻው አንብበህ አንተው ፍረድ።

አማትህ ኩፖል አርፏል። ከገና በኋላ፣ ሲቆጣ እንጂ ሲታመም ማንም ሳያየው፣ ከቀትር በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ፣ ሳይነሣ ቀረ። የባላፎኑ እንጨቶች መመታት ሲጀምሩ ዜማው ወንድ መሞቱን፣ ቀጥሎም ሽማግሌ መሆኑን ነገረን። አክስትህ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣ "ከኩፖል ግቢ ነው" አለች። ከዚያ ወዲያው፣ "ዛጎሎቹን የት ነው ያደረግሃቸው?" አለችኝ።

እዚህ ላይ ነገሩን አስብልኝ። ቀብሩ ላይ እንደ ጎረቤት ብንሄድ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ጥቂት ወርውረን፣ ጠላ ጠጥተን እንመለሳለን። ማንም አይናገረንም፤ ግን በዚያው አማች አለመሆናችንን በገዛ እግራችን መሰከርን ማለት ነው። እንደ አማች ብንሄድ ደግሞ የራሳችንን ባላፎን ይዘን፣ ማሽላና ፍየል አስከትለን፣ ዛጎል ይዘን በፊት ለፊት እንገባለን። ከመለሱን አገር ያያል። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ ብዬ አልዋሽህም፤ አክስትህ ወስናልኝ ተኛሁ። "ዕድሜህን ሙሉ የሌላ ሰው ነገር ስትተረጉም ኖርክ፤ አንድ ቀን የራስህን ተናገር" ነው ያለችኝ።

በማግሥቱ ባላፎናችንን እያስመታን ሄድን። ኩፖል በቀብር ደንባችን መሠረት ግቢው መሀል ከፍ ባለው መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ባለ ሰማያዊ ጥለቱን ቀሚስ ለብሷል፤ ባርኔጣውን ደፍቷል። ከሞት በቀር ምንም የጎደለው አይመስልም። የወንድሞቹ ልጆች በሩ ላይ አገዱን።

"እናንተ ማን ናችሁ?"

"አማቾች ነን።"

"አማች ዛጎል አለው።"

"ይዘናል" አልኩና በመሀላቸው አልፌ፣ ጆንያውን ፈትቼ፣ ዛጎሎችህን እፍኝ እፍኝ እያደረግሁ በኩፖል ፊት ለባላፎን መቺዎቹ ወረወርኩ። ፀሐይ ላይ እንዴት እንዳበሩ! ከሌላው ሰው አሮጌ ዛጎል መሀል እንደ እሳት ፍም ታዩ። መቺዎቹ እጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። አንዲት ሴት፣ "እነዚያ የሸተቱት ናቸው" ስትል ሰማሁ።

ጎንዛጋ መጣ። አሁን የግቢው ታላቅ እሱ ነው። አንዷን አነሣት፣ አሸተታት፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ።

"ወንድሜ፣ እነዚህን ጠጠር ብለሃቸው ነበር። ይኸው አሁን እግርህ ሥር ወድቀዋል። ካልፈለግሃቸው ተናገር።"

ጠበቅን። እውነት እልሃለሁ፣ ኩፖልን ስለማውቀው የሚናገር መስሎኝ ነበር።

ጎንዛጋ ደግሞ ጠየቀው። "ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ተናገር እንጂ።"

ኩፖል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠይቆ ዝም አለ። ጎንዛጋም መዳፉን አጨብጭቦ፣ "ተቀብሏል! ምቱ!" አለ። ባላፎኑ ቀጠለ፤ ጨፋሪው ገባ፤ ዛጎሎችህ ከነእሳታቸው አቧራ ውስጥ ተረገጡ። እኔም አልቅሻለሁ። ስለ ኩፖል ነው፤ የሚሟገተኝ ሰው ከእንግዲህ ማን አለ?

ከቀብሩ በኋላ መቺዎቹን አነጋግሬ ዛጎሎቹን በፍየልና በጠላ መልሼ ወሰድኩ። ያንተ የገና ገንዘብ ፍየሏ ላይ ውሏል፤ ጣሪያው ይቅር ይበለን። ሐዘኑ ሲቀል በአሥረኛው ቀን ይዘናቸው ተመለስን። ጎንዛጋ ምንጣፉን አስዘረጋ። ከወንድሞቹ ልጆች አንዱ፣ "እነዚህ እኮ አዲስ ናቸው፤ ቢጫው እንኳ አልለቀቀም" ብሎ ጀመረ።

"ቀብር አይተዋል" አለው ጎንዛጋ። "ያውም የቤቱን ባለቤት ቀብር። አንተ ያን ዕለት ጠላ ቤት ነበርክ፤ እነሱ እዚህ ነበሩ። ቁጠር!"

አምስት አምስት እየጎተቱ ቆጠሩ፤ ሞላ። ከዚያ በደንቡ መሠረት ስኮላስቲካ ተጠራች። "ልጃችን፣ እነዚህ ዛጎሎች ከፖሊካርፕ ቤት መጥተዋል። እንውሰዳቸው ወይስ እንመልሳቸው?" ተባለች።

ልጄ፣ ያን ጊዜ ያ የሞተር ብስክሌት ሰውዬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነበር። መንገድ ሊጠይቅ ይሆናል።

ስኮላስቲካ ቁጭ አለች። ዛጎሎቹን በእጇ በተን በተን አደረገቻቸው፤ እየመረጠች ይመስል ነበር። አንዷን አወጣች፤ አቧራዋን በቀሚሷ ጠረገችና ጨበጠቻት።

"የቀሩትን ውሰዱ" አለች። "ልጄ በአባቷ ስም ትጠራ። ይቺን ግን እኔ ይዣታለሁ።"

"አንድ ከጎደለ እኮ አልሞላም" አሏት።

"አውቃለሁ። የጎደለችውን እሱ ያምጣት፤ በሰው እንዳይልካት። በእጁ ይዟት ይምጣ። ብትሸትም ግድ የለኝም።"

ሽማግሌዎቹ ለረዥም ጊዜ ተነጋገሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። በመጨረሻ ፍርዱ ይህ ሆነ፦ ልጅቱ የአባቷ ናት። ሚስቲቱ ግን አንዷ ዛጎል እስክትገባ ድረስ በአጎቷ በጎንዛጋ ግቢ ትቆያለች፤ እስከ መቼ እንደምትጠብቅ የምታውቀው እሷ ናት፤ ማንም አያስገድዳትም።

ሊነስ ዛሬ ጠዋት ጽፎታል። ፔርፔቱዋ ዚየም፣ እንዳንተው። ፔርፔቱዋ ራሷ ከጎኑ ቆማ፣ "ዚየም ማነው?" ብላ ጠየቀችው አሉ።

ይኸው ነው። ሞተር ብስክሌቱ አሁንም ነዳጅ አለው። ስለ ጣሪያው በሌላ ጊዜ።

ትንሹ አባትህ፣
ግሪጎሪ ቤኩዎኔ


ምቻንጋኒ
ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1988

ለትንሹ አባቴ ለግሪጎሪ ቤኩዎኔ፤

እግዚአብሔር ኩፖልን በሰላም ያሳርፈው፤ እርስዎንና አክስቴን ያቆይልኝ። ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ጊዜ ስለ ስኮላስቲካ ያለውን ብቻ አነበብኩ።

ርዕሰ መምህራችንን ዛሬ አነጋግሬአለሁ። ኮንትራቱን ማፍረሴ ነው፤ የመጨረሻውን ደመወዝ አይሰጡኝም። ይሁን። እስከ ዳሬሰላም በጀልባ፣ ከዚያ ወዲያ በአውሮፕላን ነው። ማርች 4 ቀን እነሣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ፔርፔቱዋን ዚየም እየመጣ ነው ይበሏት። የፊት ጥርሶቿ ወድቀዋል ወይስ ገና ናቸው? ስኮላስቲካ አሁንም ገበያ የምትወጣው በሐሙስ ነው? የሺያውን ዕቃ ማን ያሸክማታል? ይህን ሁሉ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እርስዎ እንደሚቆጥሩ እያወቅሁ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር፤ ወረድኩ። ብዙ ድንጋይ ገለበጥኩ። ትልልቅ ነበሩ፣ የሚያምሩም ነበሩ፤ ተውኳቸው። ያነሣኋት መካከለኛ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ትንሽ ጭረት አለ፤ በዚያ ትለያለች። ቢ ሃዲያ ጓሮ፣ ውሃ ጋኑ አጠገብ፣ አሸዋ ውስጥ ቀብሬያታለሁ። ከቀበርኳት ወዲህ ሦስት ጊዜ ወጥቼ አየኋት፤ ቢ ሃዲያም "ሂድ ከዚህ፣ ጉንዳኖቹን እያሳፈርካቸው ነው" አሉኝ።

እስከ ማርች 4 ካልጨረሱ ከነሽታዋ ይዣት እመጣለሁ።

ልጅዎ፣
ፖሊካርፕ